የወንዙን አፍ ያጠብን ዕለት

እንግዳ ድንገት ደጃችሁን ሲያንኳኳ መጀመሪያ የምትደብቁት ምንድን ነው? እኔ ካልሲዬን ነው። ሶፋው ሥር እወረውረውና ፊቴን አስተካክዬ በሩን እከፍታለሁ። ባለቤቴ ደግሞ ያልታጠበውን ሰሃን ሰብስባ አልጋ ሥር ትከታለች። እንግዳው ሲሄድ ሁለታችንም የደበቅነውን እንረሳና ከቀናት በኋላ ሽታው ያስታውሰናል። ይህ የእኛ ቤት ጉድ ብቻ አይመስለኝም፤ አገሩ ሁሉ ገመናውን ሸፍኖ ነው እንግዳ የሚቀበለው። ካልሲ የደበቀ፣ ሰሃን የደበቀ፣ ቢበዛ ሰካራም አማቹን ጓዳ የቆለፈበት ሰው አውቃለሁ። የወንዝ ገመና ልሸፍን ብሎ የተነሳ ሰው ግን ከራሴ በስተቀር አልሰማሁም። ዛሬ የማወራችሁ ይህንኑ ነው። ፊቴን በእጄ ሸፍኜ ነው የማወራው፤ እናንተም ወደ ሌላ አቅጣጫ እያያችሁ ብትሰሙኝ ውለታ ነው።

ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ክር፣ ዚፕና ቁልፍ እሸጣለሁ። ቁልፍ ስላችሁ የልብስ ቁልፍ ነው። በሩ ተዘግቶበት፣ ላብ አጥምቆት «ቶሎ በልልኝ» እያለ የሚመጣ ሰው አይጠፋም፤ የሸሚዝ ቁልፍ አሳይቼ እመልሰዋለሁ። አንድ ቃል ሁለት ነገር ሲሆን ሰውን እንዴት እንደሚያንከራትት ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም ማለት ነው። ምን ዋጋ አለው! ቀኑን ሙሉ ሱቅ ውስጥ የሚውል ሰው ደግሞ አንድ በሽታ ያድርበታል፤ የማያውቀውን ሲጠይቁት «አላውቅም» ማለት ያቅተዋል። ባንኮኒዬ ላይ ክርኑን አስደግፎ ስለ ዶላር የሚጠይቀኝ አለ፣ ስለ ኩላሊት ጠጠር የሚጠይቀኝ አለ፣ ስለ ሩቅ አገር ጦርነት የሚጠይቀኝ አለ። ለሁሉም መልስ አለኝ። ዚፕ እየለካሁ እመልሳለሁ።

ቤቴ እሪ በከንቱ ነው። ስሙን እኔ አላወጣሁትም። ከቤታችን ግርጌ ወንዝ አለ፤ ወንዝ የምንለው ለክብሩ ያህል ነው። ክረምት ላይ ያገሳል፣ ድንጋይ ያንከባልላል፣ ጫማ ነጥቆ ይሄዳል። መስቀል ካለፈ መቅጠን ይጀምራል፤ የገና በዓል ሲደርስ ጠብታ አይገኝበትም። ያን ጊዜ የሰፈሩ አቋራጭ መንገድ ይሆናል። የደረቀ ቅጠል፣ የሸንኮራ ልጣጭ፣ ፌስታል፣ ክረምት ከማን እግር እንደነጠቀው የማይታወቅ ነጠላ ጫማ፣ ሁሉም እዚያ ይተኛል። እኛም ሳናየው እንረማመድበታለን። አንድ ነገር በጣም ከቀረበ አይታይም መሰለኝ።

የእህቴ ልጅ ማህሌት ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪዋን እየተማረች ነው። ባለፈው በጋ መግቢያ ሱቄ መጣች። ከጎረቤት ካፌ ማኪያቶ አስመጣሁላትና ምን እያጠናች እንደሆነ ጠየቅኋት።

«ስለ ወንዝ ነው ጋሼ» አለችኝ።

«ጎሽ! ስለ ዓሣው ነው?»

«ስለደረቀ ወንዝ ነው።»

ሳቅሁ። የደረቀ ወንዝ ምኑ ይጠናል? «ታዲያ ሬሳ ነዋ የምትመረምሪው!» አልኳት። እሷ ግን አልሳቀችም። ማኪያቶዋን ገፋ አድርጋ አስረዳችኝ። ወንዝ ውሃው ቢያልቅም ሥራ አያቆምም። ወለሉ ላይ የቀረውን ቅጠልና ጭቃ በዓይን የማይታዩ ነፍሳት ይበሉታል፤ እየበሉ የተቃጠለ አየር ያወጣሉ። ይህ አየር ከመኪና ጭስ ማውጫም የሚወጣው፣ ሰማይ ላይ ተከማችቶ ምድርን የሚያሞቀው ነው። በዓለም ላይ ደግሞ በበጋ የሚደርቅ ወንዝ ሞልቷል። ሰዎች የሚፈሰውን ወንዝ ሲለኩ ኖረው፣ የደረቀውን «ባዶ ነው» ብለው ዘለውታል።

«ባዶ አይደለም» አለችኝ ማህሌት። «ይተነፍሳል ጋሼ። እኔ የምለካው ትንፋሹን ነው።»

አለካኳንም አሳየችኝ። ከወፍራም የውሃ ቱቦ የተቆረጡ ሰፋፊ ቀለበቶች አሏት። ወንዙ ወለል ላይ ግማሽ ድረስ ትቀብራቸውና እዚያው ትተዋቸዋለች። በየጊዜው እየመጣች ክዳን ትገጥምባቸዋለች፤ ከክዳኑ የወጣ ቀጭን ቱቦ ወደ አንድ ሻንጣ መሳይ መሣሪያ ይገባል፤ መሣሪያው ክዳኑ ሥር ምን ያህል የተቃጠለ አየር እንደተጠራቀመ በቁጥር ያሳያል። መሣሪያው የውሰት ነው፣ ክረምት ሲገባ ይመለሳል። ከሁሉም በላይ የምትፈልገው ግን መጨረሻውን ነው። የደረቀውን ወለል የመጀመሪያው ዝናብ ሲመታው፣ ወንዙ በጋውን ሙሉ የያዘውን በአንድ ጊዜ እፎይ ብሎ ይለቀዋል። ያችን እፎይታ ካገኘቻት ጥናቷ ሞላ። ካመለጠቻት ሌላ በጋ መጠበቅ ነው፤ ምርቃቷም አብሯት ይጠብቃል።

«የአንተን ሰፈር የመረጥኩት አንተ ስላለህልኝ ነው» አለችኝ። «እስኪዘንብ ድረስ ማንም እንዳይነካው። ቅጠሉም፣ ጭቃውም፣ ቆሻሻውም እንዳለ ይቆይ። አደራ ጋሼ!»

አደራ አለችኝ። አባቴ የጎረቤት በግ በአደራ ተቀብሎ፣ እኛ ልጆቹ ጦም ስናድር በጉን ሲቀልብ የኖረ ሰው ነበር። እኔም የዚያ ሰው ልጅ ነኝና ደረቴን መታሁ። «ዝንብ አያርፍበትም» አልኳት። እውነቴን ነበር ደግሞ። በጋውን ሙሉ ሱቅ ከመሄዴ በፊት እየወረድኩ ቀለበቶቹን ሳላይ የዋልኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። ማህሌት ትመጣለች፣ ትለካለች፣ ቁጥሯን ይዛ ደስ ብሏት ትሄዳለች። በልጉ ቀርቶ ስለነበር ወንዙ እንደደረቀ ግንቦት ገባ።

ሰማዩ መጠቋቆር ሲጀምር ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ ከዝናቡ በፊት አማካሪዬ ቦታውን ማየት ትፈልጋለች። ቅዳሜ ጠዋት ይዣት እመጣለሁ።»

አማካሪዋ ዶክተር ናት። እንግዳ! ስልኩን ዘግቼ ወደ ወንዙ ወረድኩና በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በእንግዳ ዓይን አየሁት። የበሰበሰ ጎመን አየሁ። ፌስታል ቁጥቋጦ ላይ እንደ ባንዲራ ሲውለበለብ አየሁ። አንዲት የሞተች አይጥ ሆዷን ለሰማይ ሰጥታ ተንጋላለች። በልቤ ያቺን የተማረች ሴት ሰማኋት፤ «የማህሌት ዘመዶች እዚህ ነው የሚኖሩት?» ስትል። ፊቴ ጋለ። ለአይጧ እኔ አፈርኩላት።

እሑድ የሰፈራችን ዕድር ስብሰባ ነበር። ዝም ብዬ ብቀመጥ ምን ነበረበት? ተነሳሁ።

«ቅዳሜ እንግዶች ይመጣሉ» አልኩ። «ወንዛችንን ሊለኩ።»

እኛ ሰፈር «መለካት» የሚለው ቃል ምን ያህል እንደሚያስበረግግ ረስቼው ነበር። ሜትር የያዘ ሰው ከመጣ ሰው ዕቃውን መቋጠር ይጀምራል። የዕድሩ ዳኛ ጋሽ ሰይድ መነጽራቸውን አወለቁ። ጋሽ ሰይድ የወሎ ሰው፣ ልብስ ሰፊ፣ ክርና ቁልፍ ከእኔ የሚገዙ የቆየ ወዳጄ ናቸው።

«ምኑን ነው የሚለኩት? ወርዱን ነው ቁመቱን?»

«መሬቱን አይደለም፣ አይዟችሁ! የሚለኩት ጋዝ ነው። ወንዙ ጋዝ ያወጣል።»

ከሰል የሚሸጡት እትዬ ዘነበች ከተቀመጡበት ብድግ አሉ። «ጋዝ! ታዲያ ምን ያስቀምጠናል? ጀሪካን ይዞ መውረድ ነዋ! ይህን ሁሉ ዘመን ከሰል ስሰፍር፣ ከሥሬ ጋዝ ተኝቶ ኖሯል?»

«የምድጃ ጋዝ አይደለም እትዬ ዘነበች፤ የማይነድ ጋዝ ነው።»

«የማይነድ ጋዝ ምን ያደርጋል?»

«ማህሌት ቀለበት ቀብራበት የለ? በዚያ በቀለበቱ ነው…»

«ቀለበት!» አለ አንዱ ከኋላ። «ማህሌት ቀለበት አሰረች እንዴ? እንኳን ደስ ያለህ!» ተጨበጨበ። ከግራና ከቀኝ እጄን ጨበጡኝ። እኔም ምን ነካኝ፣ «እንኳን አብሮ ደስ አለን» ብዬ እርፍ።

ነገሩ ከእጄ ሲያመልጥ ታወቀኝና ድምፄን ከፍ አደረግሁ። «ስሙኝ እንጂ ሰዎች! የሚለኩት የወንዙን ትንፋሽ ነው። ወንዙ ይተነፍሳል!»

አሁን ገባቸው። ምነው ባልገባቸው ኖሮ። እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

«ትንፋሹን ሊያሸቱት ነው በለኛ! በዚያ አፉ?»

ሁሉም አንገቱን ደፋ። ሰው ለሰው የአፍ ሽታ ሲያፍር ያለ ነው፤ አንድ ዕድር በሙሉ ለወንዝ አፍ ሲያፍር ያየሁት ያን ቀን ነው። ጋሽ ሰይድ ወደ እኔ ዞሩ።

«ትንፋሹ መጥፎ ሆኖ ቢገኝ ምን ይደረጋል?»

ምንም አይደረግም። ማንም ማንንም አይጠይቅም። ማህሌትን ጠይቄ ልንገራችሁ ብል በቂ ነበር። ያ የሱቅ በሽታዬ ግን ተነሳብኝ።

«ይመዘገባል» አልኩ።

«የት?»

«በዓለም ደረጃ።»

«ወላሂ ይሄማ አይሆንም!» አሉ ጋሽ ሰይድ። «ሰው ፈጣሪው ፊት ሊቆም ሲል እንኳ አፉን ይጉመጠመጣል። ባልታጠበ አፍ ዓለም ፊት አንቀርብም።»

«አይነካም» ልል አፌን ከፈትኩ። ያቺ አይጥ ትዝ አለችኝና መልሼ ዘጋሁት። ማህሌት ያለችው ቀለበቶቹ እንዳይነኩ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። እንደዚያ አላለችም፤ ሁሉም እንዳለ ይቆይ ነው ያለችው። ግን ሰው እፍረቱን ሊሸፍን ሲፈልግ የሰማውን ቃል እንደ ጨርቅ ወዲያና ወዲህ ይጎትተዋል። «ቀለበቶቹ ካልተነኩ ዙሪያውን ብናጸዳ ክፋት የለውም» አልኩ። በአንድ ድምፅ አስተባባሪ ሆኜ ተመረጥኩ።

ዓርብ ሱቄን ዘግቼ ወረድኩ። መጀመሪያ አይጧን አነሳን፤ እዚህ ላይ ብናቆም ኖሮ ዛሬ ቀና ብዬ እሄድ ነበር። ፌስታሉ ተለቀመ። ከዚያ ቅጠሉ ተጠረገ። ቅጠሉ ሲነሳ ከሥሩ ያለው ጥቁር አፈር ታየ፤ ጥቁሩ አፈር ደግሞ ከቅጠሉ ብሶ ይሸታል፤ አካፋ መጣ። አካፋው አቧራ አስነሳ፤ አቧራው እንግዶቹን እንዳያፍን ውሃ ይረጭ ተባለ። መቼም እናንተም ጠዋት ጠዋት ሱቃችሁን ከመክፈታችሁ በፊት ደጁን ውሃ ትረጩ የለ? እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ሰው ግን ለምግቡ ያጠራቀመውን በየጀሪካኑ ተሸክሞ ወረደ። ከሁሉ ፊት እትዬ ዘነበች ነበሩ። ማህሌት እስኪዘንብ አደራ ብላኝ ነበር፤ ዝናቡ ሳይዘንብ ዘነበች ቀደሙ።

ውሃው ብቻውን ሽታውን አላጠፋውም ተብሎ በረኪና ተጨመረበት። እኔ ይህን ጊዜ ቀለበቶቹን ስጠብቅ ነበር፤ እግሬን አንፈራጥጬ አንዱ ላይ ቆሜ «እዚህ እንዳይነካ!» እላለሁ። አደራ እየጠበቅሁ መሆኔ ነው። ጋሽ ሰይድ ከጁምዓ ሲመለሱ ወንዙን አዩና «ማሻአላህ» አሉ። ቀጥለው ቀለበቶቹን አዩ። ጭቃ ለብሰዋል። በታጠበው ወለል ላይ ከበፊቱ ይልቅ አሁን ቆሻሻነታቸው ጎልቶ ይታያል።

«ጥርሱ ሳይታጠብ አፉ ታጠበ ይባላል?» አሉኝ።

ደግሞስ አውጥተን፣ አጥበን፣ መልሰን ብንተክላቸው ማን ያውቃል? ወጡ። በሳሙናና በብሩሽ ታጠቡ። ስንመልሳቸው ግን የነበሩበት ቦታ ጠፋን። ማህሌት አንዱን ወዲያ፣ አንዱን ወዲህ፣ እንዳሻት በታትና ነበር የተከለቻቸው፤ ይህ በእኔ ዓይን የሥራ ብዛት ያመጣው ዝርክርክነት ነው። ሱቄ ሄጄ ክር አመጣሁ። ከዳር እስከ ዳር ወጠርኩትና በክሩ ልክ፣ እንደ ሸሚዝ ቁልፍ፣ አሰለፍኳቸው።

ከጥምቀት የተረፈ ኖራ የዕድሩ ቤት ውስጥ ነበር። ድንጋዮቹ ተቀቡ። ከባልዲው የተረፈው እንዳይባክን፣ ቀለበቶቹ ውስጥ የሚታየው ጥቁር አፈር ላይ ተደፋ። ቅዳሜ ማለዳ ቄጠማ ተጎዘጎዘ። መጨረሻ ላይ ማን እንደሆነ እንጃ፣ በየቀለበቱ መሀል ሰንደል ሰካና ለኮሰው። እውነቱን ልናገር፣ ያማረ ወንዝ ነበር። ሙሉ ልብስ ለብሼ ዳገቱ ላይ ቆሜ ሳየው ዓይኔ እንባ አቀረረ። የወደቅሁት ከዚህ ከፍታ ላይ ነው።

ማህሌት መሣሪያዋን በትከሻዋ አንጠልጥላ፣ ከዶክተሯ ጋር እያወራች ቁልቁለቱን ወረደች። ቀና ስትል ቆመች። ዓይኗ ቄጠማው ላይ ሄደ፣ ከዚያ ድንጋዮቹ ላይ፣ ከዚያ ለሰልፍ የቆሙት፣ የሚጨሱት ቀለበቶች ላይ። ሰፈርተኛው ነጫጭ ልብሱን ለብሶ ዳር ዳሩን ቆሞ ፈገግ ብሎላታል። ሮጬ ደረስኩባት።

«ጋሼ» አለችኝ። «ምን አደረጉ?»

ማህሌት አፏን ከፈታች ጀምሮ «አንተ» ነው የምትለኝ። ጀርባዬ ላይ አዝያት ፒያሳን ያዞርኳት ልጅ ናት። «ምን አደረግህ» ብላ ብትጮህብኝ፣ ደረቴን ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። አንቱታ ክብር ነው ይባላል። ያን ጠዋት ግን በር በፊቴ የተዘጋ ያህል ተሰማኝ።

«እኔ እኮ አይደለሁም» አልኩ ድምፄን ዝቅ አድርጌ። «ሰፈሩ ነው። ሰው አንዴ ከተነሳ ማን ይመልሰዋል…» ዓይኔን ሳላሽ ዋሸኋት።

ጋሽ ሰይድ ጆሯቸው ጥሩ ነው። «ትሕትናው ነው!» አሉ ለዶክተሯ፣ ፊታቸው በኩራት በርቶ። «ሁሉንም ያስተባበረው እሱ ነው። ሱቁን ዘግቶ፣ በገዛ ክሩ ለክቶ ነው ያሰለፋቸው። እንዲህ ያለ አጎት ወላሂ አላየሁም!» ሰፈርተኛው አጨበጨበልኝ። ሰድበውኝ ያውቃሉ፣ ገፍትረውኝም ያውቃሉ፤ እንደዚያ ጭብጨባ ግን ያዋረደኝ ነገር የለም። ማህሌት መሬት መሬት አየች።

ዶክተሯ ጎንበስ ብላ ኖራውን በጣቷ ነካች። አንዱን ሰንደል ነቅላ አየችውና እንዳይከፋን ብላ ነው መሰል መልሳ ሰካችው። «ለማንኛውም ልኪው» አለቻት ለማህሌት።

ማህሌት ተንበረከከች። ሰንደሉን አንስታ ክዳኑን ገጠመች፣ ቱቦውን ሰካች። ሰፈሩ በሙሉ ትንፋሹን ዋጠ። በጋውን ሙሉ አጠገቧ ቆሜ አይቻለሁ፤ ክዳኑ ሲገጠም ቁጥሩ ቀስ እያለ ይወጣል፣ እሷም ፈገግ ትላለች። አሁን ግን ቁጥሩ ወደ ታች ሄደ።

«ወረደ!» አልኩ እኔ ሞኙ። «መውረዱ ጥሩ ነው አይደል?»

«ኖራው አየሩን እየጠጣው ነው» አለችኝ፣ ሳታየኝ። «ከሥር የነበሩትን ነፍሳት በረኪናው ጨርሷቸዋል። ውሃውም ከዝናቡ በፊት ደርሶበታል። ይህ ወንዝ አይተነፍስም ጋሼ። ገድለውታል።» በእጅጌዋ ዓይኗን ጠረገች። ላብ የጠረገች ለማስመሰል ግንባሯንም ጨመረችበት። 

ከዳር የእትዬ ዘነበች ድምፅ መጣ። «ማህሌትዬ! አለፍን?»

ሁሉም አንገቱን አስግጎ ይጠብቃል። እጃቸው ኖራ እንደነካ ነው። የእትዬ ዘነበች ወገብ ከትናንቱ ጀሪካን ገና አልተቃናም። ማህሌት ወደ ዶክተሯ አየች፣ ወደ እነሱ አየች፣ እኔን አላየችኝም። ተነሳችና ጉልበቷን አራገፈች።

«አልፋችኋል» አለች። «ምንም አይሸትም።»

እልልታው ቀለጠ። ጋሽ ሰይድ «አልሐምዱሊላህ!» ብለው አቀፉኝ። እትዬ ዘነበች ዶክተሯን አገላብጠው ሳሟት። እዚያው በቆምንበት ወንዙ በየሳምንቱ እንዲታጠብ ተወሰነ፤ ሰብሳቢ ማን ይሁን ሲባል ሁሉም ወደ እኔ ጠቆመ። እኔም «እሺ» አልኩ። ያን ጊዜ አፌን ከፍቼ «አላለፍንም፣ የጣልናት ይቺን ልጅ ነው» ማለት ነበረብኝ። እሷ ለእነሱ ስትል ዓመቷን ዋጠችው፤ እኔ ለራሴ ስል እውነቱን ዋጥኩት። ዕቃዋን ስትሰበስብ ሻንጣዋን ላግዛት እጄን ሰደድኩ።

«አይድከሙ» አለችኝ።

በዚያው ሳምንት ዘነበ። መስኮቱ ጋ ቆሜ ሰማሁት። በጋውን ሙሉ የጠበቀችው እፎይታ ያ ነበር። በበነጋታው ስወርድ የመጀመሪያው ጎርፍ ነጭ ሆኖ፣ የሳሙና አረፋ ተሸክሞ ይወርዳል። መሣሪያው ለባለቤቶቹ ተመለሰ። ጓደኞቿ ጥቁር ካባቸውን ለብሰው ፎቶ ሲነሱ፣ ማህሌት ፎቶ አንሺ ሆና ነበር አሉ። እህቴ ደውላ ስለ ጤናዬ ጠየቀችኝና ዘጋች። እህቴ ስለ ጤናዬ ብቻ ጠይቃ ስልክ ዘግታ አታውቅም። ባለቤቴ ነገሩን ከእኔው አፍ ስትሰማ «አፈርኩብህ» አለችኝ፤ እኔም «ተራ ያዢ» አልኳት።

ለሰፈሩ እውነቱን ልናገር ቆርጬ ወደ ዕድሩ ስብሰባ ሄጄ ነበር። ሌሊቱን ቃሉን ሳጠና አድሬ፣ ገና ተነስቼ «ወገኖቼ፣ አንድ ነገር ልናዘዝ…» ከማለቴ ጋሽ ሰይድ ከኋላዬ መጥተው ትከሻዬ ላይ ጋቢ ጣሉብኝ። «ስላስከበርከን ነው» ተባልኩ። እትዬ ዘነበች እያለቀሱ መረቁኝ። ጋቢ ተደርቦለት፣ ተመርቆ፣ «የመረቃችሁኝ በውሸት ነው» የሚል አንደበት ያለው ሰው ይኖር ይሆናል፤ እኔ አይደለሁም። «አሜን» ብዬ ቁጭ አልኩ። እስካሁን ጋቢውን ስደርበው ያልበኛል።

ሰሞኑን፣ ክረምቱ አልፎ ወንዙ መቅጠን ሲጀምር፣ ስልኬ ጮኸ። ማህሌት ናት።

«ጋሼ፣ ደህና ነህ?» አለችኝ።

ነህ! ወደ «አንተ» መልሳኛለች፤ ይቅር ብላኛለች። ድምፄ እስኪጠፋ ደህንነቴን ነገርኳት። ጥናቱን እንደ አዲስ ልትጀምር መሆኑን፣ ዶክተሯ መሣሪያውን እንደገና እንዳስገኘችላት፣ አሁን ዶሮ ማነቂያ አጠገብ የሚደርቅ ሌላ ወንዝ እንዳገኘች ነገረችኝ። በደስታ ልፈነዳ ምንም አልቀረኝም።

«ለመሆኑ» አለችኝ፣ «እዚያ ሰፈር የምታውቀው ሰው አለ?»

«ሞልቶ!» አልኳት። ልክሳት የምችልበት ቀን መጣ። «የዕድሩ ዳኛ ራሱ ወዳጄ ነው፤ ክር የሚወስደው ከእኔ ነው። አንድ ቃል ብነግረው ሰፈሩን በሙሉ አስነስቶ…»

«በቃ ጋሼ» አለችኝ ለስለስ ብላ። «እንግዲያው ሌላ ወንዝ እፈልጋለሁ።»